ጥቆማ፦ ሲኩዌንስ ዲያግራም ለመሥራት የቱ ይሻላል? (አራት ኪሎ አካባቢ ላላችሁ)

ሲኩዌንስ ዲያግራም ማለት የአንድ ሲስተም ተሳታፊዎች በምን ቅደም ተከተል መልእክት እንደሚለዋወጡ የሚያሳይ ሥዕል ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ስለሆነ ጥያቄው በዝቶብኛል። የሞከርኳቸውን ሁሉ እዚህ ላስቀምጥላችሁ።

ከሶፍትዌሩ በፊት እርሳስና ወረቀት ያስፈልጋል። አብርሆት ላይብረሪ ግቡና አንድ ወንበር ያዙ፤ ነጻ ነው። ወረቀቱ አናት ላይ ተሳታፊዎቹን ጎን ለጎን ደርድሩ፦ ደንበኛ፣ የሱቁ ሲስተም፣ ቴሌብር። ከእያንዳንዳቸው ሥር የተቆራረጠ መስመር ቁልቁል አውርዱ። ላይፍላይን የሚባለው እሱ ነው። ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ከዚያ «ማን፣ ለማን፣ ምን አለ?» እያላችሁ ቀስት ስደዱ። ሲስተሙ ቴሌብርን ክፍያ ይጠይቃል፣ ደንበኛው ፒኑን ያስገባል፣ መልሱ በተቆራረጠ ቀስት ይመለሳል። ሂሳቡ ባይበቃስ? ሁለቱን መንገድ «አልት» (alt፣ አማራጭ) በሚባለው ሳጥን ውስጥ ለዩት። መልስ ሳትጠብቁ የምትልኩት መልእክት ካለ ደግሞ የቀስቱ ጫፍ ክፍት ይሁን፤ የተደፈነ ጫፍ ያለው ቀስት መልስ እስኪመጣ ለሚጠብቅ መልእክት ነው። ይሄ በወረቀት ላይ ካልገባችሁ ኮምፒውተር ላይም አይገባችሁም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። ድሮው አይኦ (draw.io) ነጻ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ለአጭር ዲያግራም በቂ ነው። ችግሩ መሃል ላይ አንድ መልእክት ስትጨምሩ ከሥር ያለውን ሁሉ በማውዝ ወደ ታች መግፋት አለባችሁ። አማካሪያችሁ በየሳምንቱ «ይህን ጨምር» ሲላችሁ ይታያችሁ። ሉሲድቻርት ያምራል፣ ግን ነጻው ጥቂት ሰነድ ብቻ ነው፤ ለመክፈል የውጭ ካርድ ይጠይቃል። እለፉት።

የኔ ምርጫ ፕላንትዩኤምኤል ነው። ጽሑፍ ትጽፋላችሁ፣ ሥዕሉን እሱ ይሠራዋል። አንድ መስመር መሃል ላይ ብትከቱ የቀረው በራሱ ይስተካከላል። ጃቫ ጫኑ፣ የፕላንትዩኤምኤልን ፋይል አንዴ አውርዱ፣ ከዚያ ዳታ አይበላችሁም። በአማርኛ ስትጽፉ ባዶ አራት ማዕዘን ከመጣ ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይሩት።

መርሜይድም ጽሑፍን ወደ ሥዕል ይቀይራል፤ በብራውዘር ይሠራል፤ ጊትሀብም (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ከ2022 ጀምሮ እዚያው ሥዕል አድርጎ ያሳየዋል። ኮዳችሁ እዚያ ካለ እሱን ያዙ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትገለብጡ ግን ተጠንቀቁ፦ ->> የሚለው ምልክት በፕላንትዩኤምኤል ክፍት ጫፍ ይሰጣል፣ በመርሜይድ ደግሞ የተደፈነ። ሳታውቁት ትርጉሙ ይገለበጥባችኋል።

«ዲያግራም ሠርተን እንሰጣለን» የሚሉ አሉ። እባካችሁ ብራችሁን አታውጡ። ዲፌንስ (ፕሮጀክቱን ለፈታኞች የምታቀርቡበት) ላይ «ይህ ቀስት ለምን ተመለሰ?» ስትባሉ መልሱ ከናንተ ነው የሚጠበቀው። መክፈል ካለባችሁ አብሮ ቁጭ ብሎ ለሁለት ሰዓት ለሚያስረዳችሁ ሲኒየር ክፈሉ።

የመጨረሻው ኅትመት ነው። እኔ ትንሽ የጄፔግ ምስል ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ለጥፌ አንድ ማተሚያ ቤት አሳተምኩ። ደብዝዞ ወጣ፤ የተቆራረጡት መስመሮች ድፍን መሰሉ፣ ጥሪና መልስ አልለይ አለ። አምስቱንም ኮፒ እንደገና አሳተምኩ። ዲያግራሙን በኤስቪጂ (SVG፣ ሲያሳድጉት የማይደበዝዝ የሥዕል ፋይል) አውጡት፣ ሰነዱን በፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ። ከመጠረዙ በፊት አንድ ገጽ ብቻ አሳትሙና የቀስቶቹን ጫፍ በዓይናችሁ እዩ።