የ2011ዱ ትኩሳት «ተረጨብን» ወይስ ከበርሜላችን ወጣ?

የከዚራው፦ ትናንት እዚህ የድሬ ግሩፓችን ላይ የተለቀቀውን ድምፅ ሰማችሁት? ሰውዬው የ2011 ክረምቱ ቺኩንጉንያ፣ ያ ቢምቢ የምታስተላልፈው የትኩሳት በሽታ፣ በቢምቢ መድኃኒት መርጫ መኪና ድሬ ገባ ይላል። «ማስረጃው የጠፋው ስለደበቁት ነው» አለና አረፈው። አቦ ይብቃን!

ደቻቱ፦ መኪናው ከዞረ በኋላ አይደል እንዴ ሰፈር ሙሉ የተኛው?

የከዚራው፦ ቀኑን ቁጠረው። ቢምቢ ነክሳህ እስክታተኩስ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ዛሬ ቢረጭም ባለፈው ሳምንት የተነከሰው ነገ ይተኛል። ጭሱ ደግሞ የሚገድለው የምትበረዋን ብቻ ነው። እንቁላሉ በርሜሉ ግድግዳ ላይ፣ ከውሃው ከፍ ብሎ ተለጥፎ፣ ደርቆም ወራት ይቆያል። ውሃ ሲሞላ ይፈለፈላል።

ለገሀር፦ ቫይረሱስ ከሰማይ ወረደ?

የከዚራው፦ በፈረንጅ 2016 ኬንያ ድንበር ማንዴራ፣ ቀጥሎ እኛው ሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ በሽታው ነበር። አንድ የታመመ መንገደኛ ይበቃዋል።

ደቻቱ፦ እሺ የቱስኬጊው ጥናትስ? የአሜሪካ መንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት በፈረንጅ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁሮች ሳያክም ሲያጠናቸው ኖረ። ያኔም «አቦ ይብቃን» ትል ነበር።

ሳቢያን፦ ቱስኬጊ መች ማስረጃ ጠፋበት? ሐኪሞቹ ራሳቸው ከ1936 ጀምሮ በሕክምና መጽሔት ያወጡት ነበር። በመጨረሻም እዚያው መሥሪያ ቤት የሠራው ፒተር በክስተን ለጋዜጠኛ አቀበለው። የእንግሊዙና የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫልስ? በዲሴምበር 1935 አገራችንን ለሙሶሊኒ ሊቆርሱለት ፓሪስ ላይ ተስማሙ፤ በቀናት ውስጥ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። እውነተኛ ሴራ ሰው አለው፣ ወረቀት አለው፣ የሚከዳው አለው።

ደቻቱ፦ እነሱማ ተያዙ። ያልተያዙትስ? አልኩህ እኮ፣ ስለደበቁት ነው።

ሳቢያን፦ ይቺን ነገር አልለቃትም። ወረቀት ሲገኝ «አጋለጥናቸው»፣ ሲታጣ «ደበቁት»። ታዲያ ምን ቢመጣ ነው «የለም ማለት ነው» የምትለው?

ለገሀር፦ በዚህ አያያዝ የድሮውን ባቡር ያቆምኩት እኔ ነኝ። ማስረጃ? ደብቄዋለሁ።

ደቻቱ፦ ቀልዱ። የከዚራው ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን።

የከዚራው፦ ደመወዝ! ተጠያቂ ከፈለግህ ቧንቧው ለምን እንደሚደርቅ ጠይቅ። ውሃ በየቀኑ ቢመጣ ማን 200 ሊትር ያጠራቅም ነበር? ይሄ ሴራ አይፈልግም፣ በየበሩ ተደርድሮ ይታያል።

ገንደ ቆሬ፦ የበርሜሉን ውሃ በየሳምንቱ መድፋት አይበቃም?

የከዚራው፦ አይበቃም እህቴ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጊው፣ ክዳኑም ይግጠም። ጤና ጣቢያ ቴሜፎስ፣ የቢምቢ እጭ የሚገድለውን መድኃኒት፣ ከሰጠሽ፣ 1 በመቶ መድኃኒት ያለበት ቅንጣት ለ200 ሊትር 20 ግራም ነው።

ደቻቱ፦ ይኸው! ውሃችሁ ውስጥ ኬሚካል ጨምሩ እያለ ነው። ስክሪንሾት አንስቻለሁ።