ግራው ግራ አጋባኝ፦ ለንደን ላይ መኪና ልነዳ ነው

መንገደኛው፦ ሰላም ቤተሰብ። ለሥራ ለንደን ከገባሁ 3 ቀኔ ነው። ዕድሜ ልኬን ቀኜን ይዤ ነው የነዳሁት፤ እዚህ ግን የሚነዳው ግራን ይዞ ነው። ትናንት ልሻገር ስል እንደ ልማዴ ወደ ግራ አየሁ፣ ባዶ ነው። እግሬን አስፋልቱ ላይ ሳሳርፍ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ በቀኜ መጥቶ ጡሩንባውን አንባረቀብኝ። አንዲት ሴትዮ በኮቴ ጎትታ ባትመልሰኝ ኖሮ… ይቅር። ጉዱ ቅዳሜ ነው። መኪና ተከራይቼ ከከተማ ልወጣ ነው፣ ከፍያለሁም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

እግረኛዋ፦ እንኳን ተረፍክ! ብዙ መሻገሪያ ላይ መሬቱ ላይ በነጭ ቀለም «ወደ ቀኝ ተመልከት» ተብሎ ተጽፏል። ለእኛ ዓይነቱ ነው። ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ ግን «ወደ ግራ» የሚልም አለ። አንብብ፣ ሁለቱንም ጎን እይ።

ዝምተኛው፦ ባቡር እያለ ምን አስጨነቀህ?

ነባር ሾፌር፦ የጠየቀው እሱን አይደለም። ወንድሜ፣ አውቶማቲክ ውሰድ። ማርሹን በግራ እጅህ ነው የምትቀይረው፤ ፔዳሎቹ ግን ቦታቸው ያው ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ልነዳ ብዬ ጋቢና ገብቼ ቁጭ አልኩ፣ መሪ የለም! ለካ እዚህ መሪው በቀኝ በኩል ነው። ከፊትህ መኪና ካለ አትሳሳትም፣ ትከተለዋለህ። የሚያሳስተው ጭር ያለ መንገድ ነው። ጠዋት ከነዳጅ ማደያ ስትወጣ እጅህ ሳታውቀው ወደ ቀኝ ይወስድሃል። ዘዴው ይኸውልህ፦ አንተ የተቀመጥክበት ጎን ሁልጊዜ ወደ መንገዱ መሃል ይሁን። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ደግሞ ከፊት የሚመጣውን አሳልፈህ ነው የምትቆርጠው።

መንገደኛው፦ አደባባይስ? እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ነባር ሾፌር፦ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ትዞራለህ፣ ከቀኝህ ለሚመጣው ቅድሚያ ትሰጣለህ። መውጫህ ካመለጠህ አትደናገጥ፣ ድገመው። እኔ ሦስቴ የዞርኩበት አለ።

የቅጣት ደንበኛ፦ ፍጥነቱ በማይል መሆኑን እንዳትረሳ። 30 ሲል 48 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቀይ መብራት ላይ ወደ ግራም ቢሆን መታጠፍ የለም። መሃል ከተማ ለመግባት ደግሞ የመጨናነቅ ክፍያ አለ። ካሜራ ነው የሚያነሳህ፣ የሚያስቆምህ ሰው የለም። እኔ ሳላውቅ ገብቼ ቅጣቱ በአከራዩ በኩል ከነአገልግሎት ክፍያው መጣብኝ። መኪናውን ከዳር ተረከብ፣ እስከዚያ በባቡር ሂድ።

ዝምተኛው፦ አላልኩም?

መንገደኛው፦ ሃሃ፣ እሺ ተሸነፍኩ። አሁን ደውዬ ወደ አውቶማቲክ አስቀየርኩ፣ መረከቢያውንም ከከተማ ውጭ አደረግኩ። ባልደረባዬ ጋቢና ተቀምጦ በየመታጠፊያው «ግራህን!» እያለ ሊጮህልኝ ተስማምቷል።

እግረኛዋ፦ አገርህ ስትመለስም አስጩኸው። ባለቤቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ከግቢያችን የወጣው ግራውን ይዞ ነው።