በውስን ገቢ የቤተሰብን ምግብ ስለማመጣጠን ምክር እጠይቃለሁ

አራት ሰዎች ያሉበትን ቤተሰብ የማስተዳድረው በአንድ ደመወዝ ሲሆን፣ ኪራይና ትራንስፖርት ስለማይቀነሱ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚቆረጠው ከማዕዳችን ነው። መጠኑን ላለመንካት ስል ዓይነቱን ቀነስኩ፤ በመጀመሪያ ፍራፍሬው፣ ቀጥሎም ወተቱና እንቁላሉ ቀሩና አሁን የምንመገበው በአመዛኙ ሆድ የሚሞላ እህል ብቻ ሆኗል። (እኔ የምዘለውን ቁርስ እዚህ ውስጥ አልቆጠርኩትም።)

ልጆቼ ጠግበው ያድራሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1996 ሮም ላይ የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ የምግብ ዋስትናን የተረጎመው በቂ ብቻ ሳይሆን ደኅንነቱ የተጠበቀና ገንቢ ምግብ ዘወትር ማግኘት ብሎ በመሆኑ፣ ጥጋባቸው ብቻውን አያጽናናኝም።

በብዛት መግዛት እንደሚረክስ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የምከፍለው ገንዘብ ስለማይኖረኝ በጥቂት በጥቂቱ እየገዛሁ አብልጬ እከፍላለሁ። ከዚህ አዙሪት የወጣችሁ ካላችሁ የመጀመሪያውን ክምችት በምን ገንዘብ ጀመራችሁ? ከወር ወጪዬ ጥቂት ብቻ ማትረፍ ብችል ደግሞ፣ በማደግ ላይ ላሉ ልጆች ቅድሚያ ልመልስላቸው የሚገባኝ ጥራጥሬውን ነው፣ እንቁላሉን ወይስ ቅጠላ ቅጠሉን? የሥነ ምግብ ዕውቀት ያላችሁ ከነምክንያቱ ብታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።