የእናቴ ቁርጭምጭሚቶች እብጠት፤ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት የምትወስደው አምሎዲፒን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ካለ ሁለት ወሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቿ ማበጥ ጀመሩ፤ ጠዋት ቀለል ይላል፣ ማታ ግን ጫማ አይገባላትም። በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቆያል። ሕመሙ የመወጠርና የመክበድ ነው፤ መቅላትም ሆነ የትንፋሽ ማጠር የለም። የኩላሊት፣ የጉበት፣ የሽንትና የልብ አልትራሳውንድ ውጤቷ ደህና ነው። የሚያሸና መድኃኒት (ፉሮሴማይድ 20 ሚሊግራም) ለአሥር ቀን ወስዳ ሽንት አበዛባት እንጂ እብጠቱን አልቀነሰውም። አምሎዲፒኑን የጠረጠርኩት በዚህ ነው፤ ትንንሽ ደም ቅዳዎችን ስለሚያሰፋ ፈሳሹ ከሥሮቹ ወደ ሥጋ ይሰርጋል፤ ይህን ደግሞ የሚያሸና መድኃኒት ብዙም አይመልሰውም። ግፊቷ እንዳያሻቅብ ብዬ በራሴ አላቋረጥኩባትም። ሐሙስ ቀጠሮ አላት፤ ሐኪሟን ምን ብጠይቅ ይሻላል፦ ወደ 5 ወርዶ ኢናላፕሪል የተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት እንዲታከልላት ወይስ አምሎዲፒኑ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየርላት?