ፍላጂል ያለ ምርመራ ይሸጥ?

አወያይ፦ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ ፋርማሲ ገብቶ «ፍላጂል ስጠኝ» ይላል፤ ይሰጠዋል። ያለ ሰገራ ምርመራ መሸጡ ይቁም ወይስ ይቀጥል?

የፒያሳዋ እናት፦ ይቀጥል! ልጄን ሲያስቀምጠው ግማሽ ቀን ወረፋ ልጠብቅ? ለካርድ ክፈይ፣ ለላብራቶሪ ክፈይ፣ ለመድኃኒት ክፈይ። አሜባን እንደሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

የላብራቶሪው ልጅ፣ አራት ኪሎ፦ እህቴ፣ ወረፋው እውነት ነው። ግን ኪኒኑ ምን እንደሚሠራ ልንገርሽ። የእኛ ሴል በኦክስጅን ከአንድ ግሉኮስ (ስኳር) 30 ገደማ ኤቲፒ፣ ማለትም የሴል የጉልበት ገንዘብ፣ ያመርታል። አሜባና ጃርዲያ ይህ የላቸውም። ከሚቶኮንድሪያቸው፣ ማለትም ከሴሉ የጉልበት ማመንጫ፣ የቀረችው ሚቶሶም የምትባል፣ ኤቲፒ የማታመርት ቅሪት ናት። ስለዚህ ስኳሩን ግማሽ መንገድ ብቻ ያፈርሱና በጥቂት ኤቲፒ ይኖራሉ። የአሜባ ቁጠባ ሁሌም ይገርመኛል፦ የእኛ ሴል ስኳር ሲያፈርስ ኤቲፒ በሚከፍልበት አንድ እርምጃ ላይ እሱ ፓይሮፎስፌት ይከፍላል፤ እኛ እንደ ትርፍራፊ የምንጥለውን ማለት ነው። ጃርዲያ ደግሞ አርጂኒን የሚባል አሚኖ አሲድም ያነዳል።

በዚሁ የጉልበት መስመር ላይ ፌሬዶክሲን የሚባል ኤሌክትሮን ተሸካሚ አለ። ፍላጂል መርዝ የሚሆነው ከእሱ ኤሌክትሮን ሲቀበል ነው። ያኔ የተሕዋሱን ዲኤንኤ ይሰባብራል።

የፒያሳዋ እናት፦ ታዲያ እኛን ካልነካ ምን ችግር አለው?

የላብራቶሪው ልጅ፦ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አንጀታችን ውስጥ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ያው መስመር አላቸው። አሜባ ሳይኖር ከዋጥሽው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ልጅሽን የያዘው ቫይረስ ከሆነ ደግሞ ኪኒኑ አንዳች አይፈይደውም።

ፋርማሲስቱ፣ ካሳንቺስ፦ እኔ ብከለክል ጎረቤቴ ይሸጣል። በቀደም አንድ ጋሼ ሁለት ፍሬ የቀረበት የተጨማደደ ስትሪፕ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው «ባለፈው የተረፈኝ ነው፣ ሙላልኝ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ሲሻላቸው አቋርጠውት ነበር። ግን ላብራቶሪውስ? ምንም የማይጎዳው ዲስፓር የሚባለው አሜባ በማይክሮስኮፕ ከጎጂው አይለይም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም «አሜባ» ተብለው ይመጣሉ።

የላብራቶሪው ልጅ፦ ልክ ነህ፣ ወንድሜ። ቀይ የደም ሴል የዋጠ አሜባ ካላየን በእርግጠኝነት መናገር አንችልም። ናሙናውም ትኩስ መሆን አለበት፤ ግማሽ ሰዓት ካለፈው እንቅስቃሴው ይጠፋል። መድኃኒት ማቋረጡ ግን ያሳስበኛል። በላብራቶሪ ፍላጂልን የተላመዱ አንዳንድ ጃርዲያዎች ያንን ኤሌክትሮን ሰጪ መስመር አዳክመውት ተገኝተዋል።

የፒያሳዋ እናት፦ እሺ፣ ደም ከሌለው ኦአርኤስ እየሰጠሁ እጠብቃለሁ። ደም ካየሁ ወዲያው አስመረምራለሁ። ወረፋውን ግን ማን ያሳጥርልኝ?