ጅቡቲ በባቡር፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን ሐሳብ አብረን እንጻፈው

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ሰፈሮችና ከዘጌ ለምትጽፉ የኳስ ማኅበራችን አባላት። ባለፈው ስብሰባ «በባቡር ድንበር ተሻግረን ኳስ እንይ» የሚለው ሐሳብ ሲነሳ የተቃወመ አልነበረም፤ የተለያየነው ዝርዝሩ ላይ ነው። ለጉባኤው ደግሞ የተሟላ ጽሑፍ ካልቀረበ እንደ አምናው ሳይወሰን ያድራል። ስለዚህ መነሻ ረቂቅ አስቀምጫለሁ። የሚቀየር ካለ በምን እንደሚተካ አብራችሁ ጻፉልኝ።

ረቂቅ፦ «የማኅበሩ አባላት ጥር 2019 ከአዲስ አበባ ለቡ ጣቢያ ተነስተው በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ይሄዳሉ። እዚያ አንድ የጅቡቲ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ተመልክተው በባቡር ይመለሳሉ።»

ጅቡቲን የመረጥኩት አገራችንን ከውጭ አገር የሚያገናኝ የሰው ባቡር ያለው በዚያ መስመር ብቻ ስለሆነ ነው። መስመሩ መስከረም 2009 ተመርቆ ታኅሣሥ 2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ነው። ለባሕር ዳር ሰው ሐዲድ ማየት ብርቅ ነው። ከመካከላችን ባቡር ተሳፍሮ የሚያውቀው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ልጆቻችንማ በስልክ ካልሆነ አይተውት አያውቁም።

ከሽንብጥ፦
ሐሳቡን ከልብ እደግፋለሁ፤ ጨዋታው ግን ብሔራዊ ቡድናችን ቢሆንስ? የክለብ ጨዋታ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ ከመሄድ ዋልያዎቹ ጅቡቲ የሚጫወቱበትን ቀን ብንጠብቅ ይሻላል። ባንዲራ ለብሰን፣ ከበሮ ይዘን ብንገባ የጉዞው ትርጉም ሌላ ይሆናል።

ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ እኔም መጀመሪያ የተመኘሁት እሱን ነበር። ግን ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ከጅቡቲ ጋር አንድ ምድብ ደርሶን የሆነውን አስታውስ። ሰኔ 2016 አንድ ለአንድ ተለያየን፣ መጋቢት 2017 ስድስት ለአንድ አሸነፍን። ሁለቱም ጨዋታዎች የተደረጉት ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ላይ ነው። በአንድ ሐዲድ የተገናኙ ጎረቤታሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መስፈርት የሚያሟላ ሜዳ አጥተው ሰሜን አፍሪካ ድረስ ሄደው ተጋጠሙ። የጅቡቲው ኤል ሐጅ ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስታዲየም ለአገር ውስጥ ሊግ ያገለግላል፤ ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ግን ልንተማመንበት አንችልም። ዋልያዎቹን ጅቡቲ ላይ እንጠብቅ ካልን ጉዞው መቼ እንደሚሆን የሚነግረን የለም።

ከግሽ ዓባይ፦
ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ። ኅዳር 2012 ኮትዲቯርን ሁለት ለአንድ ያሸነፍነው እዚሁ ከተማችን፣ በእግራችን በምንደርስበት ስታዲየም ነበር። መጋቢት 2013 ማዳጋስካር ላይ አራት ሲቆጠር ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ከዚያ ሜዳው መስፈርት አያሟላም ተብሎ ተዘጋ። ኅዳር 2014 የጋናን ጨዋታ በቴሌቪዥን ከጆሃንስበርግ ተከታተልነው። አሁን ኳስ ለማየት መሄድ ያለብን እኛ ነን፤ ለእኔ የዚህ ጉዞ ምክንያት ይኸው ነው። በሐሳቡ ላይ አንድ አረፍተ ነገር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ «ማኅበሩ ከጉዞው ሲመለስ የባሕር ዳር ስታዲየም ቀሪ ሥራ እንዲጠናቀቅ ለሚመለከታቸው አካላት የድጋፍ ደብዳቤ ያቀርባል።»

ሰብሳቢ፦
ይጨመር። ደብዳቤው ግን የጉዞው ማሟያ አይሁን፤ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሰጠው።

ከፋሲሎ፦
እኔ ሌላ አማራጭ አለኝ። የ2027 የአፍሪካ ዋንጫ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ይካሄዳል። ናይሮቢና ሞምባሳ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በአዲስ ባቡር ተገናኝተዋል፤ ታንዛኒያም እ.ኤ.አ. በ2024 ከዳሬሰላም እስከ ዶዶማ የኤሌክትሪክ ባቡር ጀምራለች። ትልልቅ ቡድኖችን እናያለን፣ ባቡርም እንሳፈራለን። ገንዘባችንን ለእሱ ብናስቀምጥ አይሻልም?

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ አየር መንገዱ፣ ሆቴሉ፣ የውድድሩ ትኬት ሲደመር ከአባላቱ ግማሽ የሚሆነውን ከወዲሁ ያስቀረዋል። የመንደር ሱቅ ያላት እህታችንና ጀልባ የሚነዳው ወንድማችን የማይችሉትን ጉዞ የማኅበር ጉዞ ብዬ ለጉባኤ ለማቅረብ እቸገራለሁ። ደግሞ ድንበሩን የምንሻገረው በአውሮፕላን ይሆናል፤ የተነሳንበት ሐሳብ ይህ አልነበረም። ጅቡቲን በደንብ ከሠራነው ኮሚቴው ልምድ ያገኛል፤ የ2027ቱን አቅም ያላቸው በራሳቸው ያደራጁት።

ጋሽ (የማኅበሩ መሥራች አባል)፦
ልጆቼ፣ በርቱ። እኔ ለኳሱም ለባቡሩም እመጣለሁ። የድሮው ባቡር ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ ባይደርስ ኖሮ ከተማው አይቆረቆርም ነበር። ስለዚህ ድሬዳዋን በመስኮት አይተናት አንለፍ። ስንሄድ አንድ ሌሊት እንደርባት፤ ከዚራን በእግራችን እንይ፣ አሮጌውን ጣቢያ እንይ። ለእኔ ዕድሜም ያለ ዕረፍት ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ መቀመጥ ይከብዳል።

ከሽንብጥ፦
ጋሼ ያሉት ላይ ልጨምር። ፕሪሚየር ሊጋችን ከተማ እየቀያየረ ስለሚካሄድ ድሬዳዋም በተለያዩ ዓመታት አስተናግዳለች። በዚያ ሳምንት ተራው የእሷ ከሆነ የጣና ሞገዶቹን፣ የእኛውን ባሕር ዳር ከተማን፣ እዚያው እናያለን። በ2015 መጨረሻ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ሲጥሉ ልጆቻችን ሜዳ ላይ ብቻቸውን ነበሩ፤ ከከተማቸው ርቀው ሲጫወቱ ደጋፊ ማየት ምን እንደሚሆንላቸው አስቡት። ሐሳቡ ላይ «የሊጉ መርሐ ግብር ከፈቀደ» በሚል ቃል ይግባ።

ጸሐፊ፦
ገብቷል። ዋናውን ጨዋታ በተመለከተ ደግሞ የጅቡቲን ሊግ ማንም አይናቀው። አርታ ሶላር ሰባት የሚባለው ክለባቸው የቀድሞውን የአርሰናልና የባርሴሎና አማካይ አሌክስ ሶንግን ኅዳር 2013 አስፈርሞ ነበር፤ ከዚያ የቼልሲው ሰለሞን ካሉም መጥቶለታል። የአርሰናልና የቼልሲ ደጋፊዎቻችን በየቅዳሜው በስክሪን ያዩዋቸው የነበሩ ተጫዋቾች ከአዲስ አበባ በባቡር በሚደረስበት ሜዳ ላይ ሮጠዋል። ጅቡቲ የዕረፍት ቀኗ ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ጉዟችን ሐሙስ ማታ እዚያ የሚያስገባን መሆን አለበት። ባቡሩ በየቀኑ አይነሳም፤ ስለዚህ ቀኑን መጀመሪያ ከባቡሩ ፕሮግራም ጋር፣ ከዚያ ከጨዋታው ጋር እናስማማ እንጂ በተቃራኒው አንሂድ።

ከዘጌ፦
ወሩ ላይ ነው የእኔ ጥያቄ። ጥር ለምን ሆነ?

ጸሐፊ፦
ጅቡቲ በክረምት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ደጋ ለለመደ ሰው ያኔ ስታዲየም መቀመጥ ለጤናም አይሆንም። ታኅሣሥ እስከ 28 ጾመ ነቢያት ነው። ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ ይገባል፤ ሙስሊም አባሎቻችንን ጾም ላይ ማንገላታት አይገባም፣ እዚያም አገሩ በሙሉ ይጾማል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይከተላል። ሲጣራ የሚተርፈው ከጥምቀት እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው።

ጀልባ ነጂ አባል፦
እኔ ልናገር። ጥምቀት ለእኛ የዓመቱ እንጀራ ነው። ገዳማቱን ለማየት የሚመጣው እንግዳ የሚበዛው ያኔ ነው፤ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮም ጥቂት ቀን ሥራው ይቀጥላል። ጥር 12 እንነሳ ካላችሁ እኔና ሦስት ጓደኞቼ አንመጣም። ጥር 18 እና ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ጀልባዬን ለወንድሜ ትቼ እመጣለሁ።

ሰብሳቢ፦
ጥር 18 ይሁን። ሥራውን ጥሎ የሚመጣ ሰው እንዲኖር አንፈልግም።

ከዘጌ፦
ገንዘቡም ላይ እንዲሁ አስቡልን። ከሚያዝያ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ 3000 ብር፣ በድምሩ 27,000 የሚለውን ገንዘብ ያዣችን የላከችውን አይቻለሁ። ደመወዝተኛ ይችለዋል። እኛ ግን በክረምት እጃችን ባዶ ነው፤ ገንዘብ የምናየው ቡናው ሲለቀም፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። ከወር ወር ያልከፈለ ይሰረዛል የሚለው አንቀጽ እኛን ከዝርዝሩ ያወጣናል።

ገንዘብ ያዥ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። አንቀጹን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፦ «የቡና፣ የዓሣና የጀልባ ሥራ ያላቸው አባላት መነሻ 3000 ብር ከፍለው ቀሪውን እስከ ታኅሣሥ 15 በአንድ ጊዜ ወይም በፈለጉት ክፍያ ማጠናቀቅ ይችላሉ።» ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተለየ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ወጪ የሚደረገው በሰብሳቢውና በእኔ ፊርማ ነው። በየወሩ ቀሪ ሒሳቡን ለሁላችሁም አሳውቃለሁ።

ስለ ምንዛሪ ሳልናገር አልለፍ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ታስሮ ያለ ነው፤ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ይሆናል። እዚያ ያለው ዋጋ ውድ ቢሆንም በዶላር ስናሰላው ብዙ አይዋዥቅም፤ የሚያስፈራኝ የብራችን መውረድ ነው። ለዚህ ከእያንዳንዱ መዋጮ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ይያዝ፤ ካልተነካ ለባለቤቱ ይመለስ። ዶላሩን ከባንክ የምናገኘው ፓስፖርት፣ ቪዛና የጉዞ ትኬት ስናቀርብ ነው። መንገድ ላይ ከሚመነዝር ሰው ማንም እንዳይገዛ፤ አንድ ሰው ድንበር ላይ ቢያዝ ጉዞው የሁላችንም ይበላሻል።

ከፋሲሎ፦
የ2027ቱን ሐሳቤን አንስቻለሁ፤ የገንዘብ ያዣችን መልስ አሳምኖኛል። አሁን የምጠይቀው እስከ አዲስ አበባ ስላለው መንገድ ነው። ረቂቁ ከለቡ ይጀምራል፤ ከባሕር ዳር እስከ ለቡስ?

ሰብሳቢ፦
ይህ የእኔ ድርሻ ነው። በዓባይ በረሃ በኩል በአውቶቡስ መሄድ ርካሽ ነው፤ ግን ሁላችሁም የመንገዱን ሁኔታ ታውቃላችሁ። የሰው ሕይወት ላይ አልወስንም። የማቀርበው፦ «አባላት ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ይሄዳሉ፤ የየብስ ጉዞ የሚታሰበው በወቅቱ መንገዱ ሰላም መሆኑ ሲረጋገጥና ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ሲስማማ ብቻ ነው።» የአየር ትኬቱ ከ27,000ው ውጭ ነው፤ ይህን ሳንደብቅ ለጉባኤው እንንገር። ለቡ ከቦሌ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው፣ ባቡሩም ጠዋት ስለሚነሳ የዋዜማውን ሌሊት ለቡ አካባቢ እናድራለን።

እናት አባል (ከሰፈነ ሰላም)፦
ልጆች፣ ሴቶች ስንት ሆነን እንደምንሄድ ማንም አልጠየቀም። እኔ ከልጄ ጋር ተመዝግቤያለሁ። ድሬዳዋም ጅቡቲም የሴቶች ማደሪያ አንድ ላይ፣ ለብቻው ይያዝልን። ስንቁንም ለእኛ ተዉት፤ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ ይዘን እንነሳለን። ዓርብ ስለምንውልም የጾም ምግብ የሚገኝበትን ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጸሐፊ፦
እትዬ፣ ሁለቱም ገብቷል። የመኝታው ጉዳይ ዘግይቶ በመነሳቱ አዝናለሁ፤ የሴት አባል በኮሚቴው እንድትኖር ከሰብሳቢው ጋር ተስማምተናል፣ እርስዎ ቢሆኑልን ደስ ይለናል።

የተስተካከለው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው፦

«የማኅበሩ አባላት ከጥር 18 2019 በኋላ ባለው የመጀመሪያው አመቺ የባቡር ቀን ከለቡ ይነሳሉ። ድሬዳዋ አንድ ሌሊት ያድራሉ፤ የሊጉ መርሐ ግብር ከፈቀደ የባሕር ዳር ከተማን ጨዋታ ይመለከታሉ። በደወሌ ድንበሩን ተሻግረው ሐሙስ ጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ይደርሳሉ፣ ዓርብ ወይም ቅዳሜ አንድ የጅቡቲ ሊግ ጨዋታ ያያሉ፣ በሚቀጥለው ባቡር ይመለሳሉ። ጅቡቲ ከሦስት ሌሊት በላይ አይታደርም። የሴቶች ማደሪያ ለብቻው ይያዛል። ክፍያው፣ መጠባበቂያውና የአየር ጉዞው ከላይ በተስማማነው መሠረት ይሆናል። የስታዲየሙ ደብዳቤ በተለየ አንቀጽ ይቀርባል።»

ጋሽ፦
ተስማምቻለሁ። ስሜን ከፊርማው ዝርዝር አስገቡ።

ከግሽ ዓባይ፦
እኔም። የደብዳቤውን ረቂቅ እስከ እሑድ አመጣለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ፓስፖርት የሌላችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ። ከ2016 ክረምት ወዲህ መደበኛው 5000 ብር ነው፤ ለአስቸኳይ የሚከፈለው የብዙ እጥፍ ስለሆነ መዘግየቱ የጉዞውን ገንዘብ ይበላል። ያላችሁም የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ከምንገባበት ቀን በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ሊቀረው ይገባል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ የሚኖሩት ሁለቱ አባሎቻችን የቪዛውን መስፈርት ከጅቡቲ ኤምባሲ በጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ። የፓስፖርታችሁን የመጀመሪያ ገጽ ኮፒ እስከ ሚያዝያ 10 ለእኔ በእጅ አድርሱኝ፤ በቡድኑ ገጽ ላይ እንዳትለጥፉት።