የአውሮፕላን ግጭት ስሌት በጂፒዩ ላይ፦ እባካችሁ መላ በሉኝ

ሰላም ናችሁ? ለመመረቂያ ጽሑፌ የአየር ትራፊክ ቁጥጥርን የግጭት ስሌት በጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንዴ በሚሠራው የግራፊክስ ቺፕ) እየሠራሁ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ተቸንክሬ ቀርቻለሁ።

ራዳሩ አዲስ መረጃ ባመጣ ቁጥር እያንዳንዱ አውሮፕላን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ይነጻጸራል። በጎን ከ5 ኖቲካል ማይል፣ በከፍታም ከ1,000 ጫማ በታች የሚቀራረቡ ካሉ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። 4,000 አውሮፕላን ካለ ወደ 8 ሚሊዮን ጥንድ ማለት ነው። ጥንዶቹን ለመቀነስ ብዬ ሰማዩን በካሬ ስከፋፍለው (የሚነጻጸሩት በአንድ ካሬና በአጎራባቾቹ ያሉት ብቻ እንዲሆኑ) ነው ጣጣው የመጣው። አማካይ ጊዜው በጣም ወረደ፤ አውሮፕላኖች አንድ ኤርፖርት ዙሪያ ሲታጎሩ ግን አንዳንዱ ዙር ከሌላው በብዙ እጥፍ ይረዝማል፣ ምክንያቱም ባዶ ካሬ የደረሳቸው ትሬዶች (ጂፒዩው ጎን ለጎን የሚያስኬዳቸው የስሌት ክሮች) ሥራ ፈተው የሞላው ካሬ የደረሰውን ይጠብቃሉ። እዚህ ሥራ ላይ ደግሞ ወሳኙ አማካዩ ሳይሆን የከፋው ጊዜ ነው። ዘግይቶ የመጣ ማስጠንቀቂያ ለተቆጣጣሪው ምን ይሠራለታል?

ጉድይር ኤሮስፔስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራውን ስታራን የተባለ ኮምፒውተር አንብቤያለሁ። አንድ ትእዛዝ ለብዙ መዝገቦች በአንዴ ስለሚደርስ የሚፈጀውን ጊዜ አስቀድሞ ማስላት ይቀላል። እኔም የምፈልገው ይሄንኑ ነው።

ታዲያ ካሬውን ትቼ ሁሉንም ጥንድ ላስላ? ወይስ አውሮፕላኖቹን በቦታቸው ደርድሬ ለየትሬዱ እኩል ጥንድ ባድል ይሻላል? የከፋውን ጊዜስ በልኬት ብቻ ሳይሆን በስሌት ማረጋገጥ የቻለ አለ? የሞከራችሁ ካላችሁ በእናታችሁ ጻፉልኝ። ኮዱ በኩዳ (በኤንቪዲያ የጂፒዩ ፕሮግራም መጻፊያ) ነው፤ ማየት ለሚፈልግ እልካለሁ።